ስለ ድርሰት ሙያና ስለ ደራሲ ኑሮ

ቡና የተከለ ገበሬ በማግሥቱ ፍሬ ለመልቀም ቅርጫት ይዞ አይወጣም። በጌዴኦ ዞን በጌዴብ ወረዳ የሚገኘው ባንኮ ጎቲቲ በቡናው ምክንያት ስሙ ባሕር ተሻግሮ የታወቀ ቀበሌ ነው። የዚያ አገር ገበሬ ችግኙን ከተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስትና አራት ዓመት ይጠብቃል፤ እስከዚያውም እንሰቱ ቤተ ሰቡን ይመግባል፤ ትልልቁም ዛፍ ለቡናው ጥላ ይሆናል። ይህ እንሰትን፥ ቡናንና ዛፍን በአንድ ማሳ አስማምቶ የማኖር ጥበብ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ድርሰትን ሙያው ለማድረግ የሚያስብ ሰውም ከዚህ እርሻ የሚማረው ነገር አለ።

ብዕር ካነሡት ወጣቶች መካከል ጥቂት ገጽ ጽፈው፥ እንጀራ አይገኝበትም በማለት ሥራውን የሚተዉ አሉ። ነገሩ እንደዚህ መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ በኢጣልያም ደሴቶች ብዙ ዓመት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነት፥ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። «ተረት ተረት የመሠረት» በ1948 ዓ.ም.፥ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ታላቁ መጽሐፋቸው በወጣ ጊዜ ዕድሜያቸው 56 ዓመት ደርሶ ነበር። ከዚያም በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፥ «የልምዣት»ንና «ትዝታ»ን አሳትመው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። መጀመሪያው፥ የደራሲው ዕለታዊ እንጀራ ከመጽሐፉ ሽያጭ ብቻ እንዲመጣ መጠበቅ እንደማይገባ ነው። ከርሳቸው በፊት የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የመንግሥትን ሥራ እየሠሩ ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል። ደመወዝ ለደራሲ እንደ እንሰት ነው፤ ቡናው እስኪያፈራ ድረስ ቤቱን ይደግፋል።

ሁለተኛው፥ ደራሲ በቅርብ የሚያውቀውን ሳይንቅ መጻፉ ነው። የጎጃም ባላገር ኑሮ፥ የመኳንንቱ ወግና የቆሎ ተማሪው ችግር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ያዩት ነበር፤ አምባሳደር ሆነው ዓለምን ከዞሩ በኋላም ያንኑ ጻፉ። የውጭው ዓለም ዕውቀት የአገራቸውን ነገር አጥርተው እንዲያዩ ረዳቸው እንጂ አላስረሳቸውም።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ሹመት ሰውን ያስተምራል፤ ነገር ግን ጊዜውን ይበላል። ከረዣዥሞቹ ልብ ወለዶቻቸው ሁለቱ የታተሙት በ1974ና በ1980 ዓ.ም. ማለት ከሹመት ከተለዩ በኋላ ነው። ስለዚህ በቢሮ የሚሠራ ደራሲ ከቀኑ አንድ ሰዓት እንኳ ለይቶ ካልጠበቀ፥ ያሰበው ሁሉ ሳይጻፍ ዕድሜው ያልፋል።

ይህ ምክር በባንኮ ጎቲቲ ላለ ወጣት ይልቁንም የሚያስፈልግ ነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው የሚፈርዱት ፍርድ፥ የባሌው ሥርዓት፥ ተረቱና ምሳሌው ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ሽማግሌው ሳይጻፍለት ሲሞት ያወቀው ሁሉ አብሮት ይቀበራል፤ ያንንም የሚመልስ ገንዘብ የለም። ወጣቱ ማታ ማታ ከአንድ ሽማግሌ አንድ ነገር ሰምቶ በጌዴኦኛም ሆነ በአማርኛ ቢጽፍ፥ ቡናው እስኪያፈራ ባለው ጊዜ ውስጥ ለአንድ መጽሐፍ የሚበቃ ነገር ይከማችለታል። ስሙ ባይገን እንኳ ሥራው ከንቱ አይሆንም።

ነገር ግን ችግኝ ያለ ጥላ አይጸናም። ሹማምንት በየወረዳው የንባብ ቤት ቢከፍቱ፥ ካህናትም ቅኔ የሚቆጥረውን ተማሪ እንደሚያበረታቱት ሁሉ ልብ ወለድ የሚጽፈውን ልጅ ሥራ ፈት ብለው ባይነቅፉት ትልቅ ረድኤት ይሆነዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፈው እጅ አስቀድሞ በቅኔ ቤት የሠለጠነ እንደ ነበረ አይዘነጋ።