ማያያዣው ከግሱ ሲወጣ

በምዕራብ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ፣ ኒኮልሰን ጎዳና አካባቢ ያገሬ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ስሰማ ጆሮዬ ቀድሞ የሚይዘው ማያያዣዎቻቸውን ነው። «ኦልዞው ኢት ወዝ ሬይኒንግ፣ ባት አይ ወርክት» ይላል አንዱ። ዓረፍተ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ወዲያው ይታየኛል፦ «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ እኔ ግን ሠራሁ»። አማርኛ «ቢ»ን እና «ም»ን ግሱ ላይ ካሰረ በኋላ «ግን»ን ቢጨምርበት አይከብደውም። እንግሊዝኛ ግን ለአንድ መጋጠሚያ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል፤ ወይ «ኦልዞው» ወይ «ባት»።

እነዚህን ቃላት ሰዋስዋችን መስተጻምር ይላቸዋል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1948 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ከስምንቱ የንግግር ክፍሎች አንዱ አድርገው ቆጥረዋቸዋል። ባዬ ይማም ደግሞ በ1987 ዓ.ም. መጽሐፋቸው የቃል ክፍሎቹን ወደ አምስት አውርደው መስተጻምርን ራሱን የቻለ ክፍል ሳያደርጉ ቀሩ። ለእኔ የባዬ መንገድ ይበልጥ ያሳምነኛል። «ስለ ልጁ» ብለን «ስለመጣ» እንላለን፤ «እስከ ነገ» ብለን «እስኪመጣ»፤ «ከቤት» ብለን «ከመጣ»። ስም የሚይዘው ቃል ግስንም ይይዛል። አብዛኛው ማያያዣችን የሚኖረው ግሱ ውስጥ ተጣብቆ ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ከግሱ አውጥቶ ለብቻው ያቆመዋል። እኩያ ሐሳቦችን የሚያገናኙት ሰባት ናቸው፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ ባት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። መምህራን የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን ገጣጥመው «ፋንቦይስ» እያሉ ያስጠኗቸዋል። ፎር በንግግር እምብዛም አይሰማም። ሌላው ወገን አንዱን ሐሳብ የሌላው ጥገኛ የሚያደርገው ነው፦ ቢኮዝ፣ ኦልዞው፣ ዌን፣ ኢፍ፣ አንለስ፣ አንቲል እና መሰሎቻቸው። ሕጉ አጭር ነው፤ ማያያዣው ከሚገዛው ሐሳብ ፊት ይቆማል።

አጭር ይሁን እንጂ የሚያስተው ብዙ ነው። «ስለታመምኩ ሥራ አልገባሁም» የምንል ሰዎች ምክንያቱን አስቀድመን «ስለ»ን ከግሱ ጋር እንሰፋዋለን። ጀማሪው «ቢኮዝ»ን ሲያገኝ ሁለቱ ሐሳቦች በሚጋጠሙበት መሐል ያስገባዋል፦ «አይ ወዝ ሲክ ቢኮዝ አይ ዲድ ኖት ጎ ቱ ወርክ»። ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ የተባለው ግን ሥራ ባለመግባቱ መታመሙ ነው። አለቃው ግራ ይጋባል፣ ሠራተኛው ደግሞ እውነቱን ተናግሮ ያልታመነ ይመስለዋል።

«አንለስ» ከሁሉ የባሰ ነው፤ አሉታውን በሆዱ ይዟል። በአማርኛ «ሐኪሙ ካላዘዘህ በቀር መድኃኒቱን አታቁም» ስንል «አል»ን እንሰማለን፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛውም «አንለስ» ብለን «ዳዝ ኖት» እንጨምርበታለን። ያኔ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ሐኪሙ ካዘዘ አታቁም፣ ካላዘዘ አቁም እንደ ማለት ይሆናል። በመድኃኒት ዕቃ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ወይም የቤት ኪራይ ውል ውስጥ ይህ ቃል ሲያጋጥም ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል።

«ኤንድ» ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» ስንል አራት ድርጊት ያለ አንድ ማያያዣ ይነጉዳል፤ ሥራውን የሚሠራው ቦዝ አንቀጹ ነው። እንግሊዝኛ ቦዝ አንቀጽ የለውምና ከመጨረሻው ግስ በፊት «ኤንድ» ይጠይቃል። አሁን እኔው «የለውምና» ያልኩት «ና» ደግሞ ምክንያት ነጋሪ ነው፤ ያንን «ኤንድ» ብሎ የተረጎመ ምክንያቱን ጣለው። እዚያ ቦታ «ሶ» ወይም «ቢኮዝ» ያስፈልጋል።

የአውስትራሊያ ሰው ንግግር ውስጥ ግን የሚያስደስተኝ አንድ ነገር አለ። «ባት» ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ጭራ ላይ ትቀመጣለች፤ እኛ «ጥሩ ነው ግን» ብለን እንደምንተወው። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲዋ ጂን ሙልደር ከሳንድራ ቶምሰን ጋር ይህችን የመጨረሻ «ባት» አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 ጽፈውባታል። ለእኛ የምትቀርብ እንግሊዝኛ ናት፤ ለፈተናና ለማመልከቻ ግን አትሆንም።

ለመማር በሩ ክፍት ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት ለአዋቂ መጤዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ቀድሞ 510 ሰዓት የሚል ገደብ ነበረው፤ ገደቡ በ2021 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል። ለሚመለከታቸው ሁሉ በነፃ ነው። ሰዓቴ አልቋል ብላችሁ የተዋችሁ እናቶችና አባቶች፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ክፍል ስትገቡም መምህራችሁ ከግስ ዝርዝር በፊት ማያያዣን እንዲያስረዳችሁ ለምኑ። እስከዚያው ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ ያዙና በ«ኢፍ»፣ በ«አንለስ» እና በ«አንቲል» ሥር አስምሩ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሐሳብ ለብቻው በአማርኛ ተርጉሙት።