«ሸገር» የትኛው ነው? ለሚዛወር ነጋዴ ሁለት ሂሳብ

ከሆሞሻ ተነስቶ በአሶሳና በነቀምቴ ወደ ዋና ከተማው የሚዛወር ነጋዴ «ሸገር ገባሁ» ቢል ዛሬ ሁለት ትርጉም አለው። ሸገር የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎንና ገላንን የያዘ የኦሮሚያ ክልል ከተማም ነው።

በዓይን ሲታዩ ሁለቱ አንድ ከተማ ይመስላሉ፤ ሂሳባቸው ግን ይለያያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሥራ ቋንቋውም እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አማርኛ ነው። በሸገር ከተማ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በአንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴን የትርፍ ግብር የሚሰበስበው ንግዱ ያለበት ክልል በመሆኑ፣ ቡራዩ ሱቅ የከፈተ ሰው ዕቃውን ከመርካቶ ቢያመጣም ግብሩ ለኦሮሚያ ነው።

ሰፊ መጋዘን የሚሻ ወደ ዳር፣ የችርቻሮ ደንበኛ የሚሻ ወደ መሃል ቢያደላ ያስኬዳል። አደጋው ርካሽ በሚባለው ቦታ ላይ ነው። አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ የእጅ ውል ማንንም አላስጣለም።

ደላላ «ከአዲስ አበባ አንድ እርምጃ ነው» ሲል፣ ገዢው መጠየቅ ያለበት በካርታው ላይ ያለው ማኅተም የየትኛው አስተዳደር እንደሆነና መዝገቡ ያንኑ ይል እንደሆነ ነው። ቀብድ ከዚያ በኋላ ይከፈላል።