መድኃኒት ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ስለ መጥፋቱ

ስለ ሕክምና በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ሐኪሙ ዕውቀትና ስለ መድኃኒቱ ፍቱንነት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታሰብ ይቀራል። ሐኪሙ በሽታውን በትክክል ቢያውቅ፣ መድኃኒቱም በርካሽ ዋጋ የሚገኝ ቢሆን፣ ማዘዣውን ይዛ ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት የቀረበችው እናት «የለም፤ ከውጭ ይግዙ» ከተባለች ሕክምናው እዚያው ላይ ተቋረጠ ማለት ነው። ተቅማጥ ይዞት የሰውነቱ ውሃ ላለቀ ሕፃን የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የዚንክ እንክብል ነው። ሁለቱም ውድ መድኃኒቶች አይደሉም። ሆኖም ሕፃኑ መታገሥ የሚችለው ለሰዓታት እንጂ ለሳምንታት አይደለም።

«የለም» የሚለው መልስ በተደጋገመ ቁጥር ሕዝቡ ምክንያቱን በሁለት ነገር ያስቀምጠዋል፤ ወይ ገንዘብ ጠፍቷል፣ ወይ መድኃኒቱ ተሰርቋል ይላል። ሁለቱም የማይደርሱ ነገሮች ናቸው ለማለት አይቻልም። አገራችን ከምትጠቀምባቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገቡ ስለ ሆነ፣ ምንዛሪ ሲያንስ ግዢው ይዘገያል። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው ሦስተኛውንና ብዙ የማይወራለትን ምክንያት ነው፤ ይኸውም መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ላይ ከመጥፋቱ በፊት ከወረቀቱ ላይ የሚጠፋ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደ ተደራጀ ባጭሩ እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ወደ 200 ገደማ የሚሆኑ መሠረታዊ መድኃኒቶችን መርጦ የመጀመሪያውን ዝርዝር አወጣ። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ድኻ አገር ያለውን ጥቂት ገንዘብ በሺህ በሚቆጠሩ ዓይነቶች ላይ ከሚበትነው ይልቅ ለብዙ ሰው በሚጠቅሙት ላይ ያውለው ማለት ነው። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ይኸው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ይባላል፤ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴ፣ በጅማ፣ በነቀምቴ፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። ቀድሞ የወባው መድኃኒት በአንድ መንገድ፣ የሳንባ ነቀርሳው በሌላ፣ የቤተሰብ ምጣኔው ደግሞ በሦስተኛ መንገድ ይጓዝ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ግን የተቀናጀ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ተዘርግቶ እነዚህን ልዩ ልዩ መንገዶች ወደ አንድ ማምጣት ተጀመረ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ መድኃኒት የሚታዘዘው በግምት ወይም በልመና አይደለም። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ በየሁለት ወሩ በአንድ ቅጽ ሪፖርትና ጥያቄ ያቀርባሉ። በመጀመሪያ በእጅ ምን ያህል ነበረ? ምን ያህል ተቀበሉ? ምን ያህል ተበላሸ? አሁንስ ምን ያህል ቀረ? ከእነዚህ አራት ቁጥሮች ፍጆታው ይወጣል። ጤና ጣቢያው ቢበዛ የ4 ወር፣ ቢያንስ የ2 ወር መድኃኒት በእጁ ሊኖረው ይገባል፤ ክምችቱ ወደ 2 ሳምንት ከወረደ መደበኛውን ጊዜ ሳይጠብቅ አስቸኳይ ጥያቄ ያቀርባል። በውጭ አገር ስማር የማውቃቸው መድኃኒት ቤቶች ከጅምላ አከፋፋያቸው በየቀኑ፣ እንዲያውም በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚቀበሉ መደርደሪያቸው ስስ ነበር። ያንን አይቶ የእኛን የ4 ወር ክምችት ብክነት ነው የሚል ቢኖር፣ በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚቆረጥበትን ወረዳ ያላየ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ጤና ጣቢያ በሁለት ወር መጀመሪያ ላይ 100 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. ነበረው እንበል። 310 ተቀበለ፤ 10 ከረጢት ረጥቦ ተበላሸ፤ በመጨረሻ የቀረው ምንም የለም። እንግዲህ ፍጆታው 400 ነው። ደንቡ የሁለት ወሩን ፍጆታ በ2 አባዝቶ ማዘዝ ስለ ሆነ ኃላፊው 800 ይጽፋል። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ያለቀው በ40ኛው ቀን ነበር፤ በቀሩት 20 ቀናት የመጡት በሽተኞች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። እነዚያ ሰዎች በፍጆታው ውስጥ አልተቆጠሩም። በ40 ቀን 400 የፈለገ ሕዝብ በ60 ቀን የሚፈልገው 600 ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ትእዛዝ 1,200 መሆን ነበረበት። 800 ብቻ የመጣለት ጤና ጣቢያ የ4 ወር ክምችት አለኝ ብሎ ሲያስብ በእውነቱ በእጁ ያለው የ2 ወር ከ20 ቀን ነው። ጭነቱ ጥቂት ከዘገየ እንደገና ያልቃል፤ በሚቀጥለውም ቅጽ ፍጆታው አንሶ ይታያል። እንዲህ እያለ እጥረቱ እጥረትን ይወልዳል፤ ማዕከሉ ግን በወረቀቱ ላይ የሚያየው ሕዝቡ መድኃኒቱን እምብዛም እንዳልፈለገው ነው።

ቅጹ ላይ «መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት» የሚል ዓምድ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ዓምዱን ለመሙላት ደግሞ መድኃኒቱ የትኛው ቀን ላይ ባዶ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት፤ ይህን የሚናገረው ቢን ካርድ የሚባለው፣ በየመድኃኒቱ አጠገብ የሚቀመጠው ካርድ ብቻ ነው። ሠራተኛው ካርዱን በወር መጨረሻ ከትውስታው እየቀዳ ቢሞላው ቀኑ ይጠፋል። በአያሌ ጤና ተቋሞች ዳጉ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራውን አቅልሎታል። (ዳጉ የአፋር ሕዝብ መንገድ ላይ ቆሞ ወሬ የሚለዋወጥበት የቆየ ልማድ ነው፤ ስሙ በሚገባ ተመርጧል።) ሆኖም ኮምፒዩተሩም ቢሆን የሚያውቀው የተነገረውን ያህል ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ክፉ ልማድ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። አንዳንድ ኃላፊዎች ከጠየቁት ግማሹ ብቻ እንደሚሰጣቸው ስላዩ አስቀድመው እጥፉን ይጠይቃሉ። ለራሳቸው ሕዝብ በማሰብ የሚያደርጉት ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን ቅርንጫፉ የማንንም ቁጥር የማያምን መሆኑ ነው፤ ያላጋነነውም ከተጋነነው ጋር እኩል ይቀነስበታል። እጥፍ የደረሰውም ቢሆን የተረፈው በመደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበትና ይወገዳል፤ ያን ጊዜ በጎረቤት ወረዳ በሽተኞች ከውጭ ግዙ እየተባሉ ይሆናል።

መድኃኒቱ በካርድም በመደርደሪያም ላይ እያለ የሌለ ያህል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ለመከላከል የሚሰጠው ኦክሲቶሲን መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። በሙቀት ሲቆይ ኃይሉን ያጣል፤ መልኩ ግን አይለወጥም፤ አይደፈርስም፤ አይሸትም። አዋላጇ መርፌውን በሰዓቱ ወግታ ደሙ አልቆም ሲላት ጥፋቱ የእርሷ ይመስላል። ፍሪጁን በየቀኑ ሁለት ጊዜ መመልከትና ሙቀቱን መመዝገብ ከዚህ ይጠብቃል። ስለ ግምጃ ቤቱ አቀማመጥም ካርቶኖች ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ ቁልላቸውም ከ2 ሜትር ተኩል አይብለጥ። መጀመሪያ መውጣት ያለበትም መጀመሪያ የገባው ሳይሆን ጊዜው ቀድሞ የሚያልፍበት ነው፤ ትናንት የመጣ ካርቶን ከአምናው ቀድሞ ሊያልፍበት ይችላልና።

የጤና ባለሙያ ያልሆኑት አንባቢዎቻችን ይህ ሁሉ ለግምጃ ቤት ሠራተኛ የተጻፈ ነው እንዳይሉ እናሳስባለን። «የለም» የተባሉ እንደ ሆነ ማዘዣዎን ይዘው ዝም ብለው አይውጡ፤ መድኃኒቱን ሳያገኙ መመለስዎ ከነቀኑ እንዲመዘገብልዎ በትሕትና ይጠይቁ። የጤና ጣቢያው ሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የሕዝብ ተወካዮች አሉ፤ በስብሰባ ላይ የትኛው መድኃኒት ስንት ቀን እንዳልነበረ ቢጠይቁ መልስ ሊያገኙ ይገባል። ሲሻላችሁ ያቆማችሁትን መድኃኒት ለሌላ ቀን ብላችሁ በቤት አታስቀምጡ፤ የታዘዘላችሁን ያህል ጨርሱ።

ለግምጃ ቤት ሠራተኞች ደግሞ ይህ ወር ሳያልቅ አንድ ሥራ እንሰጣለን። በመጨረሻው ቀን በሩን ዘግታችሁ አምስት መድኃኒቶችን ብቻ፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ.ን፣ ዚንክን፣ አሞክሲሲሊንን፣ ኦክሲቶሲንንና የወባ መድኃኒትን በእጃችሁ ቁጠሩ። ካርዱ 75 ሲል በመደርደሪያው የተገኘው 60 ከሆነ፣ ቁጥሩን ለማስማማት ያለፈውን መስመር አትሰርዙ። በአዲስ መስመር 60 ብላችሁ ጻፉ፤ የጎደለውንም 15 በማስተካከያው ዓምድ ውስጥ አስፍራችሁ ፈርሙበት።