የጎደለ ጂን ያዳነው ማሽላ

ዛሬ በአል ሙራቃባት ወይም በሻርጃ ለሚኖር የወሎ ገበሬ ልጅ አቀንጭራ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በቆቦ ሜዳ ማሽላ የሚዘራ ሰው አረሙን ከማየቱ በፊት ጉዳቱን ያያል፤ ዝናቡ ሳይጓደል ቡቃያው ይጠወልጋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አገዳው ይቀጭጫል። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ አረሙ የማሽላውን ሥር መጦ ሥራውን አገባዷል። አንዱ አረም ከአቧራ የማይለይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ያ ዘር እርጥበት ብቻውን አይቀሰቅሰውም። ከማሽላው ሥር የሚወጣ ምልክት ይጠብቃል፤ ይኸውም ስትሪጎላክቶን የሚባል ሆርሞን ነው። ማሽላው ለራሱ ይፈልገዋል። የቅርንጫፉን ብዛት ይቆጣጠርበታል፤ ፎስፈረስ ሲያጥረው ደግሞ ወደ አፈር እያፈሰሰ ምግብ የሚያቀብሉትን ፈንገሶች ይጠራበታል። ለወዳጅ የተላከውን ጥሪ ጠላትም ይሰማዋል። መሬቱ በደከመ ቁጥር ጥሪው ስለሚበረታ፣ አቀንጭራ በድሃው ገበሬ ማሳ ላይ ይጸናል።

በምዕራብ ሸዋ የተወለዱትና በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አረሙን በመርዝ ከመግደል ይልቅ ዘሩን የማይቀሰቅስ ማሽላ ፈለጉ። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን በላቦራቶሪ ለይተው ጥሩ ምርት ከሚሰጡት ጋር አዳቀሉ። በኢትዮጵያ ለገበሬ የተለቀቁት ጎብዬና አብሽር የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የመቋቋሙ ምስጢር በጂን ደረጃ የታወቀው ግን በ2017 ነው። ተመራማሪዎቹ ኤልጂኤስ1 የሚል ስም የሰጡት ጂን በተቋቋሚዎቹ ዝርያዎች ውስጥ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ወይም ሥራውን አቁሟል። ጂኑ ሲጠፋ ሥሩ ዝም አይልም። ሆርሞን ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ዓይነቱ ብቻ ይለወጣል። አቀንጭራን አጥብቆ የሚቀሰቅሰው አምስት-ዲኦክሲስትሪጎል ቀርቶ ኦሮባንኮል ይበዛል። ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዋና ልዩነታቸው የሞለኪውሉ አካል ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደዞረ ነው። ለአረሙ ዘር ግን ይህ ትንሽ ልዩነት እንቅልፍና ንቃትን ይለያል።

ይህን ጉድለት ላቦራቶሪ አልፈጠረውም። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጂኑን ያጡ ነባር የማሽላ ዝርያዎች በአፍሪካ አቀንጭራ በሚበዛባቸው አካባቢዎች በስፋት ይገኛሉ። ያው ጥናት ጥቅሙ ያለ ዋጋ ላይሆን እንደሚችል፣ ለውጡ ከፎቶሲንተሲስ ጋር የተያያዙ ጂኖችን ሥራ ጭምር ሊነካ እንደሚችል ጠቁሟል።

ተቋቋሚው ማሽላ ከአቀንጭራ ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ ጥቂት ዘሮች መንቃታቸው አይቀርም፣ አረሙም ራሱ ይለዋወጣል። ስለዚህ የፕሮፌሰር ገቢሳ ቡድን ዘሩን ለገበሬ ያቀረበው ብቻውን ሳይሆን ከማዳበሪያና ከእርጥበት ማቆያ ዘዴ ጋር ነበር።