የማይታየው የብሽሽት ጠላት

ተጫዋቹ ሲሮጥ ብሽሽቱን ይወጋዋል። ኳስ ሲመታና ድንገት ሲታጠፍ ይብስበታል። በጨዋታው ማግስት ከአልጋ መውረድ ይከብደዋል፤ ሲያስለውና ሲያስነጥሰው ሳይቀር ያመዋል። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ግን እብጠት የለም፤ የተነሳው ምስልም ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ደጋፊው ታዲያ «ያስመስላል» ማለት ይጀምራል።

ይህ ጉዳት «የስፖርተኞች ሄርኒያ» ይባላል። ለመሆኑ በተለምዶ ቡአ ከምንለው በምን ይለያል? በተለመደው ሄርኒያ አንጀት ወይም ስብ በሳሳው የሆድ ግድግዳ ሾልኮ ይወጣና ያብጣል። በዚህኛው ግን ሾልኮ የሚወጣ ነገር የለም። የሆድ ጡንቻ ወደ ላይ፣ የጭን ጡንቻ ወደ ታች ሲጎትቱ መሃል ብሽሽት ላይ ያለው ስስ አካል ይቀደዳል ወይም ይላላል።

ችግሩን እ.ኤ.አ. በ1980 በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ለይተው ያወጡት የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጄሪ ጊልሞር ናቸው። እንግሊዞች እስካሁን «የጊልሞር ብሽሽት» ይሉታል። ምርመራው በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። ሐኪሙ ተጫዋቹን እያሳለ የብሽሽቱን ቀዳዳ በጣቱ ይዳስሳል፤ መስፋቱንና ህመሙን ከሌላኛው ጎን ጋር ያስተያያል። ኤም አር አይ የሚታዘዘው በተለይ የዳሌ መገጣጠሚያን፣ የአጥንትንና የጭን ጡንቻን ጉዳት ለመለየት ነው።

ሕክምናው በእረፍትና በፊዚዮቴራፒ ይጀመራል። ለሳምንታት ተሞክሮ ካልተሻለው ቀዶ ጥገና ይከተላል፤ የተቀደደው ይሰፋል ወይም በመረብ ይጠናከራል። የሙኒኳ ሐኪም ኡልሪኬ ሙሻቬክ ደግሞ ያለ መረብ፣ የላላውን ቦታ ብቻ በመስፋት ዝነኛ ሆነዋል።

ማይክል ኦውን በሴፕቴምበር 2007 መጨረሻ ወደ ጀርመን አቅንቶ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት እንግሊዝ ለዩሮ 2008 ማጣሪያ ወሳኝ ጨዋታዎች ይጠብቋት ነበር። አጥቂው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 7፣ ለኒውካስል ተቀይሮ ገባና ኤቨርተን ላይ ጎል አገባ! ኒውካስልም 3ለ2 አሸነፈ። በኖቬምበር ግን ከኦስትሪያ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ጭኑን ተጎዳ። እንግሊዝ በዌምብሌይ በክሮኤሺያ 3ለ2 ተሸንፋ ከዩሮው ስትቀር ኦውን ሜዳ ውስጥ አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው የሚጠግነው የተቀደደውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰውነት ማጠንከር ጊዜ ይጠይቃል። በየሰፈሩ ሜዳ ብሽሽቱን ይዞ የሚያነክሰውም ልጅ «ተነስ፣ ምንም አልሆንክም» ከመባሉ በፊት ሐኪም ቢያየው ይሻላል።