አልጨመቅ ያለው ማራቶን

የምዕራብ ሸዋው የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ የገባው በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ነበር። እንዲህ ያለውን ውድድር ከነመክፈቻውና ከነትንታኔው ከሪሲቨር ወደ ፍላሽ የቀዳ ሰው የ2 ሰዓት ተኩል ያህል ፋይል ይኖረዋል። ጣቢያው በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ ይህ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ነው፤ በ9,000 ሰከንድ 9 ጊጋባይት ይሆናል። ቴሌግራም ደግሞ በነፃ ከሚጠቀም ሰው ከ2 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም። ጌዶ ያለው ሰው አምቦ ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ሊልከው ሲፈልግ ፋይሉን መጭመቅ ግድ ይሆንበታል፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ዚፕ ማድረግን ነው። ከ9 ጊጋባይቱ የሚቀንሰው ግን ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ ገና ከጣቢያው ሲነሳ እስኪበቃው ተጨምቋል። 1,920 በ1,080 ነጥብ ያለው፣ በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳይ ቪዲዮ ምንም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ አንዱ ሰዓት ብቻ 280 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ወደ ዲሻችን የሚደርሰው ግን በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ነው። ከሰባ እጥፍ በላይ አንሷል ማለት ነው።

ይህ እንዴት ተቻለ? ናሲር አህመድ የተባለው ሳይንቲስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው የሒሳብ ዘዴ እስከ ዛሬ የሥራው መሠረት ነው። ምስሉ በትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል፤ በየካሬው ውስጥ ዓይን እምብዛም የማይለየው ረቂቅ ዝርዝር ይጣላል። ከዚያ ተከታታይ ምስሎች ይነጻጸራሉ፤ ያልተለወጠው ክፍል እንደገና አይመዘገብም፣ ቦታ የቀየረው ደግሞ ወዴት እንደሄደ ብቻ ይጻፋል። ዜና አንባቢ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ የሚንቀሳቀሰው አፉና ዓይኑ ነው፤ ፋይሉም ትንሽ ይሆናል። ማራቶን ግን ለዚህ ዘዴ ከሁሉም ይከብዳል። ካሜራው በሞተር ብስክሌት ላይ ነው፣ ሕዝቡ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ሪዮ ላይ ደግሞ ዝናብ ነበር። እያንዳንዷ ጠብታ ለኮምፒውተሩ አዲስ መረጃ ናት።

ስለዚህ ከመጨመቅ በፊት ሒሳብ መሥራት ይገባል። 2 ጊጋባይትን ለ9,000 ሰከንድ ብናካፍል በሰከንድ 1.78 ሜጋቢት ይደርሳል፤ ድምፁ ከዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ይህ መጠን በዝናብ ለሚካሄድ ሩጫ በሙሉ ጥራቱ አይበቃም። ምስሉን ወደ 720 መስመር ማውረድ ወይም ማስታወቂያውንና ትንታኔውን ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። እኔ መቁረጡን አስቀድማለሁ፤ የተቆረጠው ክፍል ለቀረው ምስል ቦታ ይለቅለታልና።

የፋይሉ መጠን የማያስጨንቅ ሲሆን፣ ለምሳሌ በሃርድ ዲስክ ለሚቀመጥ ቅጂ፣ መጠኑን ሳይሆን ጥራቱን መወሰን ይሻላል። ሀንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ኤች 264 ለሚባለው የጭመቃ ዘዴ የጥራት መለኪያው ከ0 እስከ 51 ይደርሳል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። ከ20 እስከ 23 ያለው ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል። የተጨመቀው ፋይል ከዋናው በልጦ ከተገኘም መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ በጣም ዝቅተኛ ቁጥር ሲሰጠው ፕሮግራሙ የቀድሞውን ጭመቃ ጉድለት ሳይቀር በጥንቃቄ ሊጠብቅ ይሞክራል። ኤች 265 በግማሽ ያህል ቦታ ተመሳሳይ ጥራት ይሰጣል፤ ነገር ግን ለመጨመቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ በቆዩ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኖችም ላይ ላይከፈት ይችላል።

ሯጮቹ ሲፈጥኑ ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጣጠቀ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም። ብዙ ጣቢያዎች በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ሳይሆን 50 ግማሽ ምስል ይልካሉ፤ አንዴ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። ሁለቱ ግማሾች ሳይስተካከሉ ሲጋጠሙ ጥርሱ ይታያል። ዲኢንተርሌስ የሚባለው ማጣሪያ ያስተካክለዋል፤ ግን ምስሉ ከመቀነሱ በፊት ነው መሠራት ያለበት። ከተቀነሰ በኋላ መስመሮቹ ስለሚደባለቁ የሚያወጣቸው የለም።

የድምፅና የምስል አለመገጣጠም ደግሞ በክረምት ይብሳል። የዲሽ ሞገድ ርዝመቱ ከ3 ሴንቲሜትር ያንሳል፤ ከባድ ዝናብ ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። ሲግናሉ ለአፍታ ሲቋረጥ በቅጂው ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፤ መጭመቂያው ክፍተቱን ዘሎ ሲያልፍ ድምፁ ከከንፈሩ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ዋናውን ፋይል ሳይጨምቁ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም ወደ ሌላ የፋይል ዓይነት፣ ለምሳሌ ወደ ኤምኬቪ፣ ማዛወር ብዙ ጊዜ የሰዓት ምልክቶቹን ያስተካክላል። መጭመቁ ከዚያ ይከተላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨው ግን የመብራት መቋረጥ ነው። የቆየ ላፕቶፕ ባትሪው ደክሟል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ቆይቶ ሊነጋ ሲል መብራት ይጠፋል። በኤምፒ 4 እየተጻፈ ከነበረ ፋይሉ ጊጋባይት ይዞ ይታያል፣ ግን አይከፈትም። ኤምፒ 4 እያንዳንዱ ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ መብራቱ ከቀደመው ማውጫው የለም። ኤምኬቪ ግን መረጃውን ከነሰዓቱ በየቁራጩ እያስቀመጠ ስለሚሄድ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይታያል። ስለዚህ መብራት በማይታመንበት ከተማ ሁልጊዜ በኤምኬቪ ጨምቁ። ሲያልቅ ወደ ኤምፒ 4 ማዛወሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ጥራትም አይቀንስም። ረጅም ቅጂን ደግሞ በየ30 ደቂቃው ከፍሎ መጭመቅ ይበጃል፤ መብራት ቢሄድ የሚደገመው አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚቀዳው ቅጂ ገና ፍላሹ ላይ 71 ደቂቃ አካባቢ ከቆመም ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት ስለተዘጋጀ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ነጠላ ፋይል አይይዝም። ሪሲቨሩ የሚቀበለው ከሆነ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይቀየር፤ ሲቀየር ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አይዘንጋ።

በጭመቃ የተጣለ ዝርዝር ምንም ዓይነት ፕሮግራም አይመልሰውም። ዋናውን ፋይል ከማጥፋታችሁ በፊት የተጨመቀውን ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ከፍታችሁ ተመልከቱ፣ ድምፁንም አዳምጡ። ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ የሠርግ፣ የተዝካር ወይም የቆየ የቴሌቪዥን ቅጂ ካላችሁ ደግሞ ለመላክ የሚሆነውን ጨምቃችሁ፣ ዋናውን ግን ሳትነኩት በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች አስቀምጡት።