ዋራንት፦ ሳናውቀው የሚጠብቀን ወረቀት

በ2007 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ፈርጉሰን በምትባል ከተማ አንዲት ሴት መኪናዋን ያለቦታው አቆመች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለአንዷ ጥፋት ሁለት የቅጣት ወረቀት ተሰጣት፤ 151 ዶላርና ተጨማሪ ክፍያዎች። ሴትዮዋ እጅ ያጠራት፣ አንዳንዴም ማደሪያ የምታጣ ነበረች። ቀጠሮ ባለፋት ወይም ክፍያ ባጓደለች ቁጥር ፍርድ ቤቱ «አልቀረበችም» እያለ አዲስ ክስ፣ አዲስ ቅጣትና አዲስ የመያዣ ትዕዛዝ ይጨምርባታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ሰባት ጊዜ ደረሰባት። ሁለት ጊዜ ተይዛ ስድስት ቀን ታሰረች። 25 እና 50 ዶላር እያደረገች ልትከፍል ብትሞክር ሙሉውን ካልሆነ ተብሎ ገንዘቧ ተመለሰላት። በ2014 መጨረሻ ሒሳቡ ሲታይ 550 ዶላር ከፍላለች፤ ገና 541 ዶላር ይቀርባታል።

ታሪኳ የተመዘገበው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በማርች 2015 ስለ ከተማዋ ፖሊስና ፍርድ ቤት ባወጣው የምርመራ ሪፖርት ላይ ነው። በዚያው ሪፖርት መሠረት 21,000 ያህል ሕዝብ ባላት ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ የመያዣ ትዕዛዝ ያወጣባቸው ሰዎች ከ16,000 በላይ ነበሩ። ሁሉም ነዋሪዎች አይደሉም፤ በከተማዋ ሲያልፍ ቲኬት የተቆረጠበት አሽከርካሪም አለበት። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ ጤነኛ አይደለም።

አገር ቤት ዳኛ «ታስሮ ይቅረብ» ብሎ የሚያዘውን፣ አሜሪካ ያለው ወገናችን ዋራንት ይለዋል። ዋራንት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው አሬስት ዋራንት ነው፤ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ እገሌ ወንጀል ሠርቷል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እንዳለው በመሐላ ለዳኛ አቅርቦ የሚያወጣው። ይህን ግዴታ በሕገ መንግሥቱ ያሰፈረው በ1791 የጸደቀው አራተኛው ማሻሻያ ነው። ሁለተኛው ቤንች ዋራንት ይባላል፤ ቀጠሮ ያለበት ሰው ሲቀር ወይም የታዘዘውን ሳይፈጽም ሲቀር ዳኛው ራሱ ከችሎት የሚያወጣው ነው። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ውስጥ ለዚህ ኬፒያስ የሚለውን ስም ትሰማላችሁ። የኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው በሁለተኛው ነው። ቤት ቀይሮ አድራሻ አያስመዘግብም፤ መጥሪያው በአሮጌው ቤት በር ሥር ገብቶ ይቀራል።

ለምሳሌ ሜሪላንድ የሚኖር የታክሲ ወይም የኡበር ሾፌር ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ያስቆመዋል እንበል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ማለፍ፣ ወይም የትኛውም መንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ሬክለስ ድራይቪንግ ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል፤ እስከ 12 ወር እስራትም ሊያስቀጣ ይችላል። የተሰጠው ወረቀት ግን ከተራ ቲኬት ብዙም አይለይም። ሾፌሩ «በኋላ በኦንላይን እከፍለዋለሁ» ብሎ ዳሽቦርድ ውስጥ ይከተዋል። የቀጠሮው ቀን ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የገንዘብ መሆኑ ያበቃል።

ዋራንት በር እያንኳኳ የሚፈልገን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለከባድ ወንጀል እውነት ነው፤ ለትንሹ ግን ፖሊስ ጊዜ የለውም። ወረቀቱ ዳታቤዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ በጥቅሉ ይርጋ አያግደውም። የኋላ መብራት ተቃጥሎ ፖሊስ ያስቆመን ዕለት፣ ከአገር ቤት ተመልሰን ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት ያሳየን ዕለት፣ ለሥራ ወይም ለዜግነት አሻራ የሰጠን ዕለት ይነሣል። በ2016 የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር በጻፉት የልዩነት ሐሳብ፣ በግዛቶችና በፌዴራል መንግሥት ዳታቤዞች ያሉት ዋራንቶች ከ7.8 ሚሊዮን እንደሚበልጡና አብዛኞቹ በቀላል ጥፋት የወጡ እንደሚመስሉ አስፍረዋል። ሐሳቡ የተጻፈው ከዩታ ግዛት በመጣው የስትሪፍ ጉዳይ ላይ ነው። አንድ መርማሪ ፖሊስ ስትሪፍ የተባለውን ሰው ያስቆመው ያለ በቂ ሕጋዊ ምክንያት ነበር። መታወቂያውን ሲያጣራ ግን አንዲት የቆየች የትራፊክ ዋራንት ተገኘች፤ በእሷ ይዞ ሲፈትሸው አደንዛዥ ዕፅ አገኘ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ዋራንቷ በመገኘቷ ማስረጃው ተቀባይነት አለው አለ። የተረሳች ትንሽ ወረቀት በሕገ ወጥ መንገድ ከማስቆም የተገኘን ማስረጃ እንዲህ ልታጸና ትችላለች።

ታዲያ ሰው ዋራንት እንዳለበት በምን ያውቃል? መላ አሜሪካን የሚያካትት፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ መዝገብ የለም። ኤፍ ቢ አይ ከ1967 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ኤን ሲ አይ ሲ የተባለው ትልቁ ዳታቤዝ ለሕግ አስከባሪዎች ብቻ ነው፤ ደግሞም የአካባቢ ትናንሽ ዋራንቶች ሁሉ እዚያ አይገቡም። ለኛ ክፍት የሆነው የየፍርድ ቤቱ የጉዳይ መዝገብ ነው። ሜሪላንድ ኬዝ ሰርች የሚባል ነፃ የፍለጋ ገጽ አላት፤ ቨርጂኒያም የጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶቿን መዝገብ በነፃ ታሳያለች። በብዙ ካውንቲዎች ደግሞ የሸሪፍ ቢሮ የሚፈለጉ ሰዎችን ስም ዝርዝር ያወጣል። ስም አስገብታችሁ የመዝገብ ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ በቀን ተራ የተዘረዘሩትን መስመሮች ከላይ እስከ ታች አንብቡ። «ኤፍ ቲ ኤ» የሚል ካለ አልቀረበም ማለት ነው። «ቤንች ዋራንት ኢሹድ» (ወጥቷል) ከሚለው በታች «ሪኮልድ» (ተነሥቷል) ወይም «ሰርቭድ» (ተፈጽሟል) የሚል መስመር ካልተከተለ፣ ዋራንቱ ዛሬም ሊሠራ ይችላል። በክፍያ እናጣራለን ለሚሉ የግል ድርጅቶች ገንዘብ አታውጡ፤ የሚሸጡት ይህንኑ መዝገብ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ያረጀውን።

ሐበሻ ላይ ፍለጋውን የሚያከብደው ስም ነው። አሜሪካኖቹ «የቤተሰብ ስም» የሚሉት ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ያስመዘግባል። ገብረ ማርያም በአንድ ቃልም በሁለት ቃልም ይጻፋል፤ ፖሊሱ «ማርያም»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ፀሐይ በላቲን ፊደል በ«ቲ ኤስ» ልትጀምር ትችላለች፣ በ«ቲ ዜድ»ም፣ በ«ኤስ» ብቻም። ቪዛው ላይ አንድ ስም ብቻ የነበረው ሰው የፊተኛው ስሙ ቦታ ላይ «ኤፍ ኤን ዩ» (የፊት ስሙ ያልታወቀ) ተብሎ ቀርቷል። የልደት ቀኑም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቶ በሁለት ሰነድ ሁለት ዓመት የተጻፈለት አለ። ስለዚህ አንዴ ፈልጎ «ምንም የለም» ብሎ መተኛት አይበቃም። የተያዛችሁበትን ቲኬት አውጥታችሁ ፖሊሱ እንደጻፈው ፊደል በፊደል ፈልጉ፤ ከዚያ አቀያይራችሁ ሞክሩ። በተቃራኒው ስማችሁ ላይ ዋራንት ብታዩ ከመደንገጣችሁ በፊት የትውልድ ቀኑንና አድራሻውን ተመልከቱ፤ ዮሐንስ ተስፋዬ ብዙ ነው።

መዝገቡ የማያሳየውም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ተጠርጣሪው ያልተያዘበት የአሬስት ዋራንት ሰነድ በመርህ ደረጃ ለ90 ቀን ለሕዝብ ዝግ ነው፤ ተፈላጊው አይቶ እንዳይሰወር ይመስለኛል። የገጹ ዝምታ ስለዚህ ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም። ቀጥሎ የሚደወለው ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ነው፤ እነሱ ክለርክ ይሉታል። የክለርኩ ሥራ መዝገብ መያዝ እንጂ ሰው መያዝ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ዋራንት አለብኝ ወይ?» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ካለባችሁ ከዚያ በር አትወጡም። ደውሎ «ሸሪፍ ነኝ፣ ዋራንት አለብህ፣ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚላችሁ ደግሞ ሌባ ነው። ፍርድ ቤት በጊፍት ካርድ አይከፈልም።

ዋራንቱ መኖሩ ከተረጋገጠ፣ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃቱ ያነሰ ነው። ለቀላል ጥፋት ጠበቃ ትዕዛዙ እንዲነሣ አቤቱታ ያስገባል፤ ብዙ ቦታ ደንበኛው ሳይኖርም ሊቀርብለት ይችላል። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ዋራንት ያለባቸው ሰዎች ያለ ቀጠሮ የሚገቡበት ችሎት አላቸው። ቴክሳስ ውስጥም ብዙ የከተማ ፍርድ ቤቶች በገዛ ፈቃዱ የመጣን ሰው እንደማያስሩ በግልጽ ያስታውቃሉ። ዳኛው ትዕዛዙን አንሥቶ አዲስ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ወይም ዋስትና ያስይዛል። የምትሄዱ ከሆነ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ይሁን፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተያዘ ሰው ዳኛ እስኪያገኝ ቅዳሜና እሑድን እዚያው ሊያሳልፍ ይችላል። መክፈል የማይችል ሰውም ዝም ማለት የለበትም፤ ቤርደን ከተባለው የ1983 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ዳኛ ሰው ለምን እንዳልከፈለ ሳይጠይቅ በድህነቱ ሊያስረው አይገባም። ብዙ ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ከቀጠሮው በፊት ጠይቁ። ልጅን ወይም የሰፈር ሰውን ይዞ መሄድ ነገር ያበላሻል።

ዜግነት ያላገኘ ሰው ግን አንድ ነገር ያስቀድም። «ጥፋተኛ ነኝ ልበልና ይለቀኝ» ብሎ መክፈል ግሪን ካርድ ሊያስነካ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ ጉዳይ፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ከአገር ሊያስወጣው የሚችል ጥፋት ከማመኑ በፊት ሊነግረው እንደሚገባ ወስኗል። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ መጀመሪያ፣ የፍርድ ቤት መስኮት በኋላ። የወረቀት ነገር ያልተስተካከለለት ሰውማ ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት ባይሄድ ይሻለዋል።

ባለሥልጣኖቹም ይህ ክምር ለማንም እንደማይበጅ የተረዱበት ጊዜ አለ። ክሊቭላንድ ውስጥ በ2000 አንድ ፖሊስ በተፈላጊ ሰው ጥይት ከሞተ በኋላ የአካባቢው የፌዴራል ማርሻል አንድ ሐሳብ አመጣ፦ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ይስጡ። በኦገስት 2005 በአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በአራት ቀን ከ800 በላይ ሰዎች መጡ፤ አብዛኞቹም ጉዳያቸው ታይቶ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ደጀ ሰላም ገብቶ ምሕረት መጠየቅን ለሚያውቅ የእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኒው ዮርክ በበኩሏ በ2017 ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩ ከ640,000 በላይ የቀላል ጥፋት ዋራንቶችን ሰረዘች። እንዲህ ያለው ምሕረት ግን አልፎ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ እሱን እየጠበቁ መቀመጥ አያዋጣም።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። በ2004 አላባማ ውስጥ ቤኒ ሄሪንግ የተባለ ሰው በጎረቤት ካውንቲ ዋራንት አለበት ተብሎ ተያዘ፤ ሲፈተሽም ዕፅና ሽጉጥ ተገኘበት። ዋራንቱ ከአምስት ወር በፊት ተነሥቶ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ማንም አላጠፋውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009፣ ስህተቱ የመዝገብ ቸልተኝነት ነው ብሎ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ማስረጃውን ተቀበለ። እንግዲህ ዳኛው «ተነሥቷል» ሲላችሁ አመስግናችሁ አትውጡ፤ ክለርኩ ዘንድ ቆማችሁ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ተቀበሉ፣ አንዱን ቤት፣ አንዱን መኪና ውስጥ አስቀምጡ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ገጹን ከፍታችሁ «ሪኮልድ» የሚለው መስመር መግባቱን በዓይናችሁ እዩ።